የግራ መታጠፊያ

ጥር 18 ቀን 1963። ማክሰኞ፣ ማታ 1፡00።

የቴሌግራፉ መስመር ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ተቋርጧል። ወደራ ጫካ ውስጥ ዛፍ ወድቆበት ይሆናል። ቴሌግራም የለም፣ ሥራ የለም። የቢሮው በር ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚ ሳይ ኢብራሂም ከሱቁ ጠራኝ። ሻይ አዘዘ። ጾም ሳይገባ ውድድር አለ አለኝ። የመኪና። ከአየር ማረፊያው ማዶ ባለው ሜዳ፣ ባዶ በርሜል ተደርድሮ፣ መኪና አንድ በአንድ እየገባ በሰዓት ይያዛል። ያሰቡት የጦሩ መኮንኖችና የመንገድ ሥራ ሰዎች ናቸው። ስድስት መኪና ተገኝቷል። ሰባተኛው የራሱ አሮጌ መኪና፣ ሚሌቼንቶው ነው። ነጂ የለውም።

"አንተ ድሮ ትወዳደር የለ እንዴ?"

ማን ነገረው? ባለቤቴ ናት። ጽጌ ለተማሪዎቿ ወላጆች የማታወራው የለም።

ከተውኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ አልኩት። ለእናቴ ቃል ገብቻለሁም አልኩት። እናቴ ሰኔ ላይ ማረፏን ያውቃል፣ ለቅሶ ደርሷል።

ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ጥር 19። ረቡዕ።

መስመሩ ተቀጠለ። የትናንቱም የዛሬውም ተጠራቅሞ ጠበቀኝ። ግማሹ የሻኪሶ ነጋዴዎች መልእክት። እጄ ቁልፉን ይመታል፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው።

እራት ላይ ለጽጌ ነገርኳት። ቃሉ እንዴት ነበር አለች። እማዬ የሆስፒታሉ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ "እኔ በሕይወት እያለሁ ሁለተኛ እንዳትሞክረው" ነው ያለችው። ያኔ ቢሾፍቱ ነው፣ መኪናዋ ሦስት ጊዜ ተገልብጣ፣ ሁለት የጎድን አጥንቴና ትከሻዬ ተሰብሮ።

"እንግዲያ ጠብቀኸዋል፤ በሕይወት እያለች አልነዳህም" አለች ጽጌ። ወጡን ጨመረችልኝ።

ለእሷ ይኸው ነው። በቃ፣ አለቀ።

ጥር 20። ሐሙስ፣ ከሥራ በኋላ።

መኪናዋን ለማየት ብቻ ሄድኩ። ለማየት ብቻ፣ ደብተሬ። ከሱቁ ጓሮ፣ የስኳር ጆንያ ተከምሮባት ቆማለች። የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላለች። ኮፈኑን ከፈትኩ። ካንዴላዎቹን ፈታሁ፣ አጸዳሁ፣ መለስኩ። ባትሪ ከኢብራሂም ጭነት መኪና ተበደርን። በአራተኛው ሙከራ ተነሳች። ዶሮዎቹ በአጥሩ ላይ ተበተኑ።

ድምፁን ስሰማ ቶሎ ላጠፋት አልቻልኩም። ደስታ ይሁን ሌላ፣ አላውቅም።

ጥር 23። እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ።

ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ላይ ሞከርኳት። ጽጌ የትምህርት ቤቱን የስፖርት ሰዓት ይዛ መጣች። በርሜል ገና ስላልመጣ ድንጋይ ከመርን። ቀይ አፈር፣ ላዩ ጠንካራ፣ ሥሩ ዱቄት። እጄ ምንም አልረሳም። ማርሹ፣ ፍሪሲዮኑ፣ መሪው፣ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። እግሬ ግን እምቢ አለ። መታጠፊያ ሲቀርብ ራሱ ከቤንዚኑ ላይ ይነሳል። እኔ አላዘዝኩትም።

ስድስት ዙር። ስድስቱም ቀርፋፋ። መኪናዋ አርጅታለች አልኳት። ጽጌ ሰዓቱን አየች። ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ትጽፋለች።

ጥር 25። ማክሰኞ።

ወረቀቱን ምሳ ላይ አሳየችኝ። እያንዳንዱን መታጠፊያ ለየብቻ ይዛው ኖሯል። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ደህና ነህ አለች፣ ጥሩም ነህ። ሰከንዱ የሚጠፋው በግራ ብቻ ነው። ስድስቱንም ዙር። ቢሾፍቱ ላይ በየት በኩል ስትታጠፍ ነው የተገለበጥከው አለችኝ።

በግራ።

ተናደድኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሳህኑን ገፍቼ ወደ ቢሮ ሄድኩ።

አሁን፣ 11 ሰዓት፣ ብቻዬን ነኝ። እዚህ ላይ ካልጻፍኩት የትም አልናገረውም። እማዬ ያን ቃል ስታስገባኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አልጋው ላይ ተኝቼ ሁለተኛ መሪ እንዳልይዝ የሚከለክለኝ ሰው እየለመንኩ ነበር። እሷ ከለከለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሲጠይቀኝ "እናቴን ብዬ ነው" እላለሁ። ሰዉም ያመሰግነኛል፣ የወላጁን ቃል አክባሪ ይለኛል። እሷም እስክትሞት ልጄ ለእኔ ሲል ተወው እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር።

ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ጥር 26። ረቡዕ።

ለጽጌ ነገርኳት። ሁሉንም። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና እማማ ያውቁ ነበር አለች። ምኑን አልኳት። "መፍራትህን ነዋ። አንድ ቀን ነግረውኛል። ሰበብ ብሆነው ምን ይጎዳኛል አሉኝ።"

ሌላ የምጽፈው የለኝም ዛሬ።

ጥር 28። ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡00።

በምሳ ሰዓት ለልምምድ ወጣሁ። ሜዳው በከብት ተሞልቷል። የሊበን አርብቶ አደሮች ከብት፣ ቀንዱ ረጅም፣ አጥንቱ የወጣ። ድርቁ ከብዷል። የከብቶቹ ባለቤት ኦቦ ጃርሶ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ወርጄ ሰላም አልኳቸው። አካም፣ ናጋ፣ ከብቱ፣ ልጁ፣ ዝናቡ። ኦሮምኛዬ እዚያ ላይ ያልቃል፤ የእሳቸው አማርኛ ይሻላል። ኤላው፣ ማለት ጉድጓድ ውሃቸው፣ ከሜዳው ማዶ ነው። ከብቱ በየሦስተኛው ቀን ተራ ይደርሰዋል። በጣቴ ቆጠርኩ። ተራው የውድድሩ እሑድ ላይ ይውላል።

በሌላ ቀን ቢያደርጉት ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ።

"አንተ እሑድ ታውቃለህ። ላም እሑድ አታውቅም። ተራ ካለፈ ውሃ የለም።"

መቼ ያልፋሉ አልኩ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አሉ። ውድድሩ የሚጀመረው ጧት አራት ሰዓት ነው። እስከ ስድስት እንጨርሳለን አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ለአዘጋጆቹ ተናግሬያለሁ፤ ከመኮንኖቹ አንዱ፣ መቶ አለቃው፣ በደብተሩ ጻፈው።

ጥር 30። እሑድ።

ጽጌ ዛሬ ከጎኔ ተቀመጠች። ሰዓቱን ቤት ትታ። በርሜሎቹ ተተክለዋል፣ ግራ መታጠፊያው ሦስት ነው። መጀመሪያ በእግር ፍጥነት፣ ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከዚያ ትንሽ ጨመር። እግሬ ሊነሳ ሲል "አሁን" ትላለች። ሌላ ነገር አትልም። ሃያ ጊዜ ያህል። ሁለታችንም አቧራ ለብሰን፣ ጥርሳችን ብቻ ነጭ።

በሃያ ምናምነኛው እግሬ ቆየ። አንዴ ብቻ። የኋላ ጎማዎቹ ተንሸራተቱ፣ መሪውን መለስኩ፣ ቀና አለች። ጽጌ ጉልበቴን አጥብቃ ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ምልክት ትቷል። ፈርታ ነበር እንዴ? ጠየቅኋት። "ታዲያ አልፈራም?" አለች።

የካቲት 7። እሑድ፣ 12፡00።

አቧራው ገና ከዓይኔ አልወጣም፣ ጽሑፌን ይቅር በይኝ ደብተሬ።

አራት ሰዓት ተባለ፣ የክብር እንግዳው አምስት ተኩል መጡ። ንግግር። ጭብጨባ። ከተማው ሁሉ ወጥቷል፤ ኢብራሂም ከነቤተሰቡ ጭነት መኪናው ላይ ቆሟል። ለእያንዳንዱ ሁለት ዙር፣ የተሻለው ይያዛል። በርሜል የነካ አምስት ሰከንድ ይጨመርበታል። ዳኛው የመንገድ ሥራው ፎርማን ነው።

የመጀመሪያ ዙሬ አሳፋሪ። ሦስቱም ግራ ላይ እግሬ ተነሳ። ከሰባት ስድስተኛ። መቶ አለቃው በፎልስዋገኑ እየበረረ አንደኛ። ጽጌን ላለማየት ጫማዬን አይ ነበር። መጥታ መስኮቱ ላይ ተደገፈች። በመሐረቧ አቧራዬን ጠረገችልኝ። ቢያንስ ብትቆጣኝ።

ሁለተኛው ዙር። የመጀመሪያውን ግራ፣ እግሬ ቆየ። ሁለተኛውን፣ ቆየ። የሰው ጩኸት ይሰማኛል። ሦስተኛው በርሜል ሲመጣ ከማዶው አቧራ ውስጥ ቀንድ አየሁ። ፀሐይ አናት ላይ ናት። የኦቦ ጃርሶ ከብቶች። ፍሬን ረገጥኩ፤ መኪናዋ በጎኗ ተንሸራትታ ከፊተኛዋ ላም አሥር እርምጃ ላይ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ።

ወታደሮች ከብቱን ሊመልሱ ዱላ ይዘው ሮጡ። ወርጄ ተዉ አልኳቸው። ቃል ገብተናል፣ ሰዓቱን ያሳለፍነው እኛ ነን አልኩ። መቶ አለቃው ደብተሩን አየ፤ ወታደሮቹን ጠራቸው። ሁሉም ቆሞ ጠበቀ። መቶ የሚሆን ከብት፣ በራሱ እርምጃ። ኦቦ ጃርሶ መጨረሻ መጡ። አጠገቤ ቆሙና በርሜሎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

"ከዚህ ትነሳለህ?"

"አዎ፣ አባቴ።"

"ሮጠህ፣ ሮጠህ፣ የት ትደርሳለህ?"

"እዚሁ ነው የምመለሰው።"

በትራቸውን በአየር ላይ አንዴ አዞሩ። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አንጀቴን እስኪያመኝ።

ዳኛው ዙሩን ድገመው አለ። ገባሁ። እግሬን አላሰብኩትም። አንደኛው ግራ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሦስቱም! መጨረሻው ላይ፣ ቀላል በሆነው በቀኙ፣ በርሜሉን በኋላ መከላከያዋ ነካሁት። ወደቀ። አምስት ሰከንድ። አራተኛ።

በርሜሉ ባይወድቅ ሁለተኛ ነበርክ አለች ጽጌ፣ ሰዓቱን እያሳየችኝ። ኢብራሂም የጎደጎደውን ቦታ ዳበሰና ዶሮዎቹ ግድ የላቸውም አለ።

የካቲት 8። ሰኞ፣ ረፋድ።

አንገቴ አይዞርም። ትከሻዬ፣ ያ የተሰበረው፣ ያመኛል። ቴሌግራም ጥቂት ነው። መላው ከተማ ስለ ከብቶቹ ያወራል፤ ስለ አሸናፊው ማንም አያወራም፤ መቶ አለቃው ቅር ብሎታል።

እሱው ራሱ አሁን ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ወደራ ላይ ሌላ ውድድር ሊደረግ ነው። መንገዱ ገደላማ፣ መታጠፊያው ብዙ። ትገባለህ ወይ አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። የለመድኩት መልስ ምላሴ ላይ ነበር፣ "እናቴ" የሚለው። ዋጥኩት። ሌላ ፈለግኩ። ሥራ? ፈቃድ አለኝ። መኪና? ኢብራሂም ይሰጠኛል። ጽጌ? እሷማ ሰዓቱን ይዛ ትቀድመኛለች። እምቢ ካልኩ እምቢ ያለው እኔ ነኝ፣ ፈርቼ፣ ሌላ ማንም የለበትም። ደግሞ እፈራለሁ። አሁን ይህን ስጽፍም እፈራለሁ።

መቶ አለቃው እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቅ ነበር።

ጻፈኝ አልኩት።