ለትልቅ ነገር ከዋዜማው

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለጌርዳ፣ ሳራጎሳ።

እንደምን ከርመሻል፣ ጌርዳዬ? በብርዱ ወራት የያዘሽ ሳል ለቀቀሽ? የባልሽ የኢኚጎስ ወገብ እንዴት ሆነ? ኖኤሊያ የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም በክፍተቱ እያፏጨች ታስቃችኋለች? የእኛን ከጠየቅሽ አባዬ ደህና ነው። አምና ራሱን ስቶ ከወደቀ ወዲህ ሐኪሙ መኪና እንዳይነዳ ስለከለከለው ብቻ ይነጫነጫል። እኔም ደህና ነኝ። ጠዋት ተነሥቼ ማታ እስክተኛ "እንዴት ዋልሽ" የሚሉኝ አከራዬ ወይዘሮ ኦፓል ብቻ ናቸው እንጂ ሌላ የጎደለኝ የለም። በስልክ ስንገናኝ ደህና ነን ተባብለን እንዘጋዋለን። ዛሬ ወረቀት ያነሣሁት ለዚህ ነው፤ ወረቀት ቶሎ ዝጊኝ አይልም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሁለት ጥያቄ ይዞ ነው የመጣው። አንዱ የኖኤሊያ ነው፤ "በእማማ አገር ባቡሩ ለምን መንገድ ላይ ይተኛል?" ያለችው። ሌላው ያንቺ ነው። ኢኚጎ በሚሠራበት የሐዲድ ጥገና ክፍል የተገኘልኝ ቦታ እስከ ጁላይ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል፤ "እሺ በይና ነይ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ብቻሽን ተቀምጠሽ ምን ታደርጊያለሽ?" ብለሻል። የሁለቱም መልስ ያለው ባለፈው ሐሙስ የሆነው ነገር ውስጥ ስለሆነ እሱን ላጫውትሽ።

እዚህ ሃልደን ከመጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። የመንገደኛ ባቡራችን እንዲፈጥን የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በዚህ መስመር ያስቀመጠው ሠራተኛ እኔ ብቻ ነኝ። ቢሮዬ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ጓዳ ነው፤ ከተረት መጻሕፍቱ መደርደሪያ ጀርባ አንድ ጠረጴዛ አለኝ። ለምረቃ የጻፍኩት በሰዓት ሁለት መቶ ማይል ስለሚከንፍ ባቡር እንደነበር ታስታውሻለሽ። አሁን ደጅ የምጠናው ለአንድ ማይል ተኩል ሐዲድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃልደን በስተምዕራብ አሥራ ሁለት ማይል ላይ፣ ከዋናው ሐዲድ ገንጠል ብሎ ባቡር ለባቡር የሚለቅበት ተቀጥላ ሐዲድ አለ። ርዝመቱ አንድ ማይል ተኩል ነው። የዛሬው የጭነት ባቡር ግን ሦስት ማይል ይሞላል። አባዬ እንደሚለው በሬው በረቱ ካልበቃው ጥጃዋ ትገባለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ገብታ የምትጠብቀው ትንሿ የመንገደኛ ባቡር ናት። ሕጉስ መንገደኛ ይቅደም ይላል፤ ሕግ ግን ባቡር አያሳጥርም። ተቀጥላው በእጥፍ ቢረዝም ጭነቱ ገብቶ ይጠብቅ ነበር። መንግሥት ሊሠራው፣ የሐዲዱ ባለቤት የሆነው የጭነት ኩባንያም ሊፈቅድ ተስማምተዋል። የቀረው አንድ ነገር ነው። የሚረዝመው ሐዲድ ገበሬዎቹ የሚሻገሩበትን የጠጠር መንገድ ስለሚቆርጥ ማቋረጫው መዘጋት አለበት። እሱን የሚወስኑት ደግሞ ሦስቱ የአውራጃው ምክር ቤት አባላት ናቸው። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሎሬታ ከእኔ ጋር ነበሩ። ሁለተኛው ሚስተር ቨርል በዚያ ማቋረጫ ስንዴያቸውን የሚያመላልሱ ገበሬ ናቸው። ሦስተኛው ጡረተኛ መምህር ሲሆኑ ቨርል ያሉትን ነው የሚሉት።

ሚስተር ቨርልን ለማግባባት እርሻቸው ድረስ ሄጄ ነበር። ከመዝሪያው ማሽን ሥር ተጋድመው፣ እግራቸው ብቻ እየታየኝ ነው ያነጋገሩኝ። "ልጄ፣ አንቺ የምታወሪው የመጽሐፍ ነው" አሉኝ። "ያ መንገድ ከተዘጋ መኪናዬ ሰባት ማይል ትዞራለች። በመኸር ቀን ስንት ጊዜ እንደምመላለስ ታውቂያለሽ?"  ከዚያ ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ "አባትሽን ግን አውቀዋለሁ። ጭነት ሲነዳ እዚያ ማቋረጫ ላይ እጁን ሳያወዛውዝልኝ አልፎ አያውቅም። አርንት መጥቶ ፊት ለፊት ይጠቅማል ካለኝ፣ እጄን አወጣለሁ" አሉ። ጌርዳ፣ ከዚያ ስመለስ መኪናው ውስጥ ብቻዬን ዘፈንኩ።

የባቡር ሰዎችን ልማድ አንቺም ታውቂዋለሽ። ለሠርግ፣ ለቀብር ወይም ለፍርድ ቤት በባቡር የሚሄድ የባቡር ሠራተኛ ከዋዜማው ይሄዳል። አባዬ ለራሱ ሠርግ ከዋዜማው ደርሶ አያታችን ጎተራ ውስጥ ማደሩን እየሰማን አይደል ያደግነው? አሁንም ደውሎ፣ "ረቡዕ ልምጣ፣ ቶሪ" አለኝ። እኔ ደግሞ ኩራት ያዘኝ። ስለ ባቡር የሚመሰክር ሰው ባቡሩን ካላመነ ማን ያምነዋል፣ በዕለቱ ና አልኩት። ይባስ ብዬ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ "ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር የነዱት አርንት ሆልቴ በዕለቱ በባቡር መጥተው ይመሰክራሉ" የሚል ማስታወቂያ ለጠፍኩ። መኪና ይዤ ሄጄ ላመጣውም እችል ነበር፤ አላደረግኩትም። እሱም "እሺ። የተማርሽው አንቺ ነሽ" አለ።

አባዬ ካለበት ከኮል ሪጅ ሃልደን አንቺ ከሳራጎሳ ማድሪድ የምትሄጂውን ያህል መንገድ ነው። አንቺ ቡናሽን ሳትጨርሺ ትደርሻለሽ። እኛ በወረቀት ላይ አራት ሰዓት ይፈጅብናል። አባዬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ተነሣ፤ ሰባት ሰዓት ተኩል መድረስ ነበረበት፤ ስብሰባው አሥር ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ጣቢያው ላይ እኔና አንድ ውሻ ብቻ ነበርን። ስምንት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

"ቶሪ፣ ቆመናል" አለኝ። ከፊታቸው ያለው የጭነት ባቡር ነጂዎች የተፈቀደላቸውን የሥራ ሰዓት ጨርሰው ባሉበት አቁመዋል። "ከእንግዲህ አንድ ጎማ አያንቀሳቅሱም። ሕግ ነው፣ እኔም ብሆን አላንቀሳቅስም። ተተኪ በመኪና እስኪመጣላቸው ነው" አለ። ተቀጥላው ጋ ስለሆኑ ለምን በጎን አታልፉም ብዬ ስጠይቀው ሳቅ አለ። "ጭነቱ ከተቀጥላው በሁለቱም በኩል ተርፎ ወጥቷል። ጥጃዋ በረቱ በር ላይ ናት።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የሃልደን የእህል ጎተራ በመስኮት ይታየኛል" አለኝ።

መኪና ይዤ ልምጣና ከዚያ ልውሰድህ አልኩት። "መንገደኛ ሜዳ ላይ አይወርድም። ሠላሳ አራት ዓመት ለሰው የተናገርኩትን ዛሬ ለራሴ ስል ልሻረው?" አለ። እንግዲያው በስልክ መስክር ልለው ስል የስልኩ ባትሪ አለቀ። አባዬና ስልክ መቼ ተስማምተው ያውቃሉ?

ስብሰባው በሰዓቱ ተከፈተ። ሃያ ሰው ያህል መጥቷል። ወረቀቶቼን አነበብኩ፣ ካርታዬን ሰቀልኩ። ስጨርስ ሚስተር ቨርል፣ "ምስክርሽስ የታሉ፣ ልጄ?" አሉኝ። ባቡር ላይ ናቸው አልኩ። ከኋላ አንዱ፣ "እንግዲያው ለገና ይደርሳሉ" ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ሎሬታ ጠረጴዛውን መትተው፣ "ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ? ሰውየው ባለመድረሱ መሰከረ እኮ" አሉ። እኔም ልቤ ሞቅ ብሎ ቀና አልኩ። ሚስተር ቨርል ግን ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ለእኔ ሌላ ነው የመሰከረልኝ። የማይመጣ ባቡር ነው ብሎኛል። ለማይመጣ ባቡር መንገዴን ልዝጋ? ስንዴዬ እኮ ይመጣል፣ በየዓመቱ።" በክፋት አላሉትም፤ በክፋት ቢሉት ይቀለኝ ነበር። ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ። ሰው ሁሉ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ፤ ካርታዬን ብቻዬን አወረድኩ።

ባቡሩ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ገባ። አባዬ ለምስክርነቱ የተኮሰውን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ባዶ ፔርሙሱን ይዞ ወረደ። "አለቀ?" አለኝ። አለቀ አልኩት። "ቨርልም?" አለ። እሳቸውም እምቢ አሉ አልኩት። ከዋዜማው ልምጣ ብዬሽ አልነበር የሚል አንድ ቃል አልወጣውም። ቢወጣው ይሻለኝ ነበር፣ ጌርዳ። ቦርሳውን ልቀበለው ስል እኔኑ እንደ ልጅነቴ በትከሻዬ ያዘኝና እስከ ወይዘሮ ኦፓል ቤት በእግራችን ሄድን።

በማግሥቱ ጠዋት ምግብ ቤት ተቀምጠን ፓንኬክ ስንበላ ሚስተር ቨርል ገቡ። ሳይጋበዙ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "አርንት፣ ያንተ ሰዎች ትናንት አገቱኝ" አሉ። ከስብሰባው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ያ የቆመ ጭነት ማቋረጫቸው ላይ ተጋድሞ ጠበቃቸው። "አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ! ቤቴ ይታየኛል፣ የወጥ ቤቱ መብራት ሳይቀር ይታየኛል፣ መሻገር ግን የለም።"

"እኔም ከኋላው ነበርኩ፤ ጎተራው ይታየኝ ነበር" አለ አባዬ።

 ከዚያ አባዬ ረጅሙን ቢላዋ ጭነት፣ የሻዩን ማንኪያ መንገደኛ፣ የጨው ዕቃውን ማቋረጫ አድርጎ ለሦስት ወር በካርታና በቁጥር ያቃተኝን በሁለት ደቂቃ አሳያቸው። ሚስተር ቨርል ቢላዋውን ሲያዩ ቆይተው፣ "ደህና። ግን መንገዱን ከዘጋሁት በምን ልሻገር ነው?" አሉ።

"ትናንትስ በምን ተሻገርክ?" አላቸው አባዬ።

 ፓንኬኩንም ሳያዝዙ ኮፍያቸውን ደፍተው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ "በሴፕቴምበር መኸሩ ሲያልቅ ጉዳዩን እንደገና አምጪው። እሺ አላልኩም፤ አምጪው ነው ያልኩት። ደግሞ አባትሽ ከዋዜማው ይምጣ" አሉኝ።

አባዬን የዚያኑ ቀን ከሰዓት ሸኘሁት፤ የመመለሻውም ባቡር ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ነው የመጣው። ጣቢያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ እማዬ አወራን። ከሄደ በኋላ ክፍሌ ስገባ ሊያነበው የነበረውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ አገኘሁት። አራት መስመር ብቻ ነው። የመጨረሻው "ልጄ ያለችው ልክ ነው" ይላል። ስምንት ወር ሙሉ ሳላለቅስ ኖሬ ነበር።

እንግዲህ ለኖኤሊያ እንዲህ በያት። የእናንተ ባቡር የራሱ ቤት አለው፤ የተሠራለት ሐዲድ ላይ ማንም አይቀድመውም። የእኛ ግን ሰው ቤት ያደረ እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ እስኪያልፍ በር ላይ ይጠብቃል። ድሮ አያቶቻችን ይህን አገር በሐዲድ ሰፍተውት ነበር። በኋላ አገሩ ልቡንም ገንዘቡንም ለአውራ ጎዳናና ለአውሮፕላን ሰጠ። ባቡሩ ስለሚዘገይ ሰው አይሳፈርበትም፤ ሰው ስለማይሳፈርበት የሚያፋጥነው እጅ አይወጣለትም። በየአሥር ማይሉም አንድ ሚስተር ቨርል አለ፣ እያንዳንዱም የራሱ ስንዴ አለው። ባቡሩ ሰነፍ ሆኖ አይደለም የሚተኛው በያት።

ያንቺን ጥያቄ ሳስብ ሦስት ሌሊት አደርኩ። ሲርበኝ የታሸገ ሾርባ አሙቄ መስኮት ላይ ቆሜ ስበላ፣ ጭነቱ ሲያልፍ ብርጭቆዎቼ ሲንቃጨሉ፣ ያንቺን ጠረጴዛና የኖኤሊያን ጫጫታ እያሰብኩ እሺ ልልሽ እስክሪብቶ አንሥቻለሁ። ፈጣኑ ባቡር ያለው እናንተ ጋ ነው፤ ሰውም ያለኝ እናንተ ጋ ነው። ግን እናንተ ጋ ሐዲዱ ተሠርቶ አልቋል። እዚህ አንድ ሰው "አምጪው" ብሎኛል። ስለዚህ ለኢኚጎ አለቆች አመስግነሽ ቦታውን ለሌላ ይስጡት በይልኝ። አትቆጪኝ። ሚስተር ቨርል በሴፕቴምበር እጃቸውን ያወጡ አያውጡ አላውቅም፤ ባያወጡም ግን ሲጠሩኝ እዚያ መገኘት አለብኝ።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። እማዬን ከቀበርን ወዲህ አምስት ዓመት ይህን ምድር አልረገጥሽም። ስብሰባው ሴፕቴምበር ሃያ ሰባት ነው። ነይልኝ። አባዬን ያኔ ከዋዜማው አስመጣዋለሁ፤ አንቺ ግን መንገድሽ ሩቅ ነውና ከሳምንት በፊት ተነሺ።

ኢኚጎን ወገቡን ይጠብቅ፣ ለቦታውም ውለታው አለብኝ በይልኝ። አማትሽን ወይዘሮ ቤጎኛን እጅ ነሥቻለሁ፤ የላኩልኝን ሹራብ በጁን ወርም ለብሼዋለሁ፤ ይህ ሜዳ ነፋሱ አያርፍም። ኖኤሊያን በጥርሷ ክፍተት ሳሚልኝ፤ የሣለችው ባቡር ከጠረጴዛዬ በላይ ተለጥፏል፣ እስካሁን በሃልደን በሰዓቱ የደረሰው እሱ ብቻ ነው። አባዬ "እኔም ሰላም ብያታለሁ" በይ ብሎኛል፤ ሌላም ሊጨምር አፉን ከፍቶ ባቡሩ ገባና ተወው።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ
ቶራ ሆልቴ

ሃልደን፣ ሞንታና
ጁን ፳፪ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ