ያለ አንተ ያየሁት የባንኮክ ቦይ

ውድ ታሪዬ፣

ከተለያየን አሥራ አንድ ወር ከአንድ ሳምንት ሆነን። ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተጋብተን ስንኖር ለመጻፍ የሚያበቃ ርቀት አልነበረንም፤ ኤርፖርት ቆመህ መንገደኛ ስትጠብቅ እንኳ በስልክ እናወራ ነበር። አሁን በአፌ ልነግርህ ሞክሬ አልወጣ አለኝ። ሦስት ቀን ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ጀምሬ ተውኩት። ስለዚህ እየጻፍኩልህ ነው። ደክሞኛል፣ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሠኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ያለሁት እዚያው አፓርታማችን ነው፣ ከፌርፋክስ ገባ ብሎ። የመድኃኒት ሣጥኖችህን ጣልኩ። የሚዘረጋውን ወንበርህን የቤተ ክርስቲያን ልጆች መጥተው ለአንድ የታመሙ አባት ወሰዱላቸው። ምንጣፉ ላይ የእግሮቹ ምልክት ግን አልጠፋም፤ እኔም እስካሁን ወንበሩ እንዳለ ሁሉ ዞሬ ነው የማልፈው። ቶዮታህን የምነዳው እኔ ነኝ። አዎ፣ ፍሪዌይም ገባሁ፤ በቀኝ መስመር፣ ቀስ ብዬ፣ ኋላዬ ያሉት ሁሉ እየጮኹብኝ። መንገድ በሚጠረግበት ቀን መኪናውን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ማዞሩም የኔ ሥራ ሆኗል።

አሁንም ሥራዬ ሚራክል ማይል ሰፈር ያሉትን አሮጊት መንከባከብ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት “ሹፌሩ ባልሽ እንዴት ነው?” ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ “ሞቷል” እላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ በየቀኑ እንደ አዲስ ይደነግጣሉ፣ በየቀኑ እንደ አዲስ ያለቅሳሉ። እኔም ሲደክመኝ “ደህና ነው” ማለት ጀመርኩ።

የጻፍኩልህ ግን ለሌላ ነገር ነው። ባንኮክ ሄጄ መጣሁ።

ያቺን ታይላንዳዊት አሮጊት ደንበኛህን መቼም አትረሳትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሜን ሆሊውድ ወዳለው ቤተ መቅደሳቸው ስታደርሳት ኖረህ፣ አንድ ቀን የአገሯን ሥዕል ያለበት የቀን መቁጠሪያ ሰጠችህ። መንገዱ ውሃ የሆነ ሰፈር፣ ደጃፍ ላይ የታሰረ ጀልባ። ዓመቱ አልቆም ከግድግዳው አላወረድከውም። “ዘኒ፣ ቀይ መብራት የሌለበት መንገድ አየሽ? የኔ አገር ይሄ ነበር!” ብለህ ትስቅ ነበር። ከዚያ የጋብቻችን ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲደርስ እንሂድ አልከኝ። እኔ ምን አልኩህ? “ከጣዖት ቤት ምን አለኝ? ቤተ መንግሥታቸውም ቤተ መቅደሳቸውም ምስል ነው።” አንተም እንደኔው ጌታን የተቀበልክ ሰው ነህ፤ ግን ዓለምን ስታይ አትፈራም ነበር። “ምስሉን ትቼ ውሃውን አያለሁ” አልከኝ። እምቢ አልኩ። በዓመቱ ኩላሊትህ ታመመ፣ ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ነው፤ የባንኮክ ነገርም በዚያው ቀረ።

ፌቨን ናት ያነሳችው። የምታስተምርበት ክሬንሾው ያለው ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ፣ “እማዬ፣ አባዬ ማየት የፈለገውን እኛ እንይለት” አለችኝ። እሺ አልኳት። እምነቴ ተለውጦ አይደለም። እምቢ ለማለትም ጉልበት ያስፈልጋል፣ ታሪዬ፤ እኔ ያ ጉልበት አልነበረኝም።

ቱሩ የአንድ ቀን ነበር። ጠዋት ቤተ መንግሥቱ፣ ቀጥሎ ቤተ መቅደሶቹ፣ ከሰዓት ቦዮቹ። የምትመራን ሴት ኖይ ትባላለች፤ የኔ እኩያ ናት፣ ቢጫ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ስድስት ሰዎች ሆነን እንከተላታለን። መንገዱ ላይ ከመኪናው ብዛት ቆመን ቀረን። እንኳን ቀይ መብራት ሊጠፋ፣ መጨናነቁ ከኢንግልዉድ እስከ ኤርፖርት ካለው የባሰ ነው። ብታየው ትስቅ ነበር።

ቤተ መንግሥቱ ሲያዩት ዓይን ያማል። ጣሪያው፣ ግንቡ፣ ምሶሶው ሁሉ ወርቅ ነው፤ በመሐሉ ባለቀለም መስታወት ተሰባብሮ ተለጥፎበታል፣ ፀሐይ ሲመታው መልሶ ፊትህ ላይ ይረጨዋል። በየበሩ ጥርሳቸውን ያገጠጡ፣ ዱላ የተደገፉ ግዙፍ የዘበኛ ሐውልቶች ቆመዋል። ፌቨን ቁምጣ ለብሳ መጥታ ስለነበር በሩ ላይ አስቁመዋት ዝሆን የታተመበት ሰፊ ሱሪ ደርባ ገባች። ሙቀቱን ልነግርህ አልችልም፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ፎጣ ነው።

ዋናው ቤተ መቅደስ ጋ ስንደርስ ሁሉም ጫማ እያወለቀ ገባ። እኔ ጥላ ስር ቀረሁ። ኖይ ለሌሎቹ መንገዱን አሳይታ ተመልሳ አጠገቤ ቁጭ አለች። ለምን እንዳልገባሁ አልጠየቀችኝም። ዝም ብላ ታወራኛለች። ውስጥ ያለው ከአረንጓዴ ድንጋይ የተፈለፈለ ትንሽ ምስል ነው አለችኝ፤ ለበጋው፣ ለዝናቡና ለብርዱ ወቅት የተለያየ ልብስ አለው። ወቅቱ ሲለወጥ ንጉሡ ራሱ መጥቶ ልብሱን ይቀይርለታል።

“ንጉሡ? በገዛ እጁ?” አልኳት።

“በገዛ እጁ” አለችኝ።

እኔ ደግሞ ድንጋይ ማልበስ ምን ይሠራል ብዬ ልፈርድ ሲገባኝ፣ አንተ መጣህብኝ። ክንድህን በቀስታ ከእጅጌው ሳወጣ፣ ያበጠው ክንድህ፣ “ቀዝቃዛ ነው እጅሽ” የምትለኝ። ሰውን ማልበስ እንዴት እንደሚያደክም የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሥራዬም እሱ ነው፣ ቤቴም እሱ ነበር። እዚያ ሰው በተሰበሰበበት አለቀስኩ። ኖይ ጃንጥላዋን ወደኔ ዘንበል አድርጋ ከሰው ጋረደችኝ።

ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ከዚያ ሩቅ አይደለም። የተኛው ቡድሃ ያለበት ነው። በሩ ላይ ኖይ ለሁላችንም ስታስረዳ፣ “ይህ የመጨረሻ ቀኑ ነው፤ ታሞ በቀኝ ጎኑ የተጋደመበት” አለች። እኔ እስከዚያች ደቂቃ የሚያመልኩት ነገር ይታመማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ታሪዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አልሰገድኩም፣ አልጸለይኩም። ርዝመቱ የኛን ሕንጻ ያህላል፤ ከራሱ ጀምሬ በጎኑ ሄጄ ሄጄ እግሩ ጋ ደረስኩ። ውስጥ እግሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ በባሕር ዛጎል በተሠራ ሥዕል ተለብጧል። እዚያ ቆሜ ቀረሁ። ያንተን እግር በቫዝሊን የማሽባቸው ቀኖች ትዝ አሉኝ። እዚያ የታመመ ሰው እግር ስር ቆሜ፣ ስላንተ የዋሸሁት ውሸት ከበደኝ።

ምን እንደዋሸሁ አንተ ታውቃለህ። ሌላ ማንም አያውቅም ነበር።

ያን ሐሙስ ከዲያሊሲስ መልሼህ ወንበርህ ላይ አጋደምኩህ። እኔ ከዋዜማው ጀምሮ ሁለት ሺፍት ደርቤ ሠርቼ ነበር የመጣሁት። “ዘኒ፣ ነይ እስቲ አጠገቤ ቁጭ በይ” አልከኝ። “አምስት ደቂቃ ብቻ ጀርባዬን ላሳርፍ” አልኩህና ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ስነቃ ለካ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ተኝቻለሁ። ፀሐዩ ከመስኮቱ ዞሯል። እጅህ ከወንበሩ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ቀዝቅዟል። ስልክህ ጭንህ ላይ ነበር።

ለፌቨን “እጁን ይዤው ነበር” አልኳት። እሷን ላጽናናት ብዬ ይሁን እኔው አፍሬ፣ አላውቅም። እሷ ለፓስተሩ ነገረችው፣ ፓስተሩም በቀብርህ ቀን “እህታችን እጁን ይዛ እየጸለየች ጌታ ወሰደው” ብሎ ተናገረ፤ ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። ከዚያ በኋላ እንዴት ይመለሳል? ስልክህን ከፍቼ ማየት ፈርቼ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ነቅተህ ጠርተኸኝ፣ አልሰማ ስልህ፣ እርዳታ ልትደውል ስትሞክር አቅቶህ ይሆናል እያልኩ አሥራ አንድ ወር ኖርኩ። ሰው “የታደልሽ ነሽ፣ አጠገቡ ነበርሽ” ሲለኝ ቆዳዬ ይቃጠል ነበር።

ከሰዓት ጀልባ ላይ ወጣን። ቀጭን፣ ረጅም ጀልባ ነው፤ ኋላው ላይ የመኪና ሞተር ገጥመውለታል፣ በረጅም ዘንግ ውሃውን ይቆርጠዋል። አንተ ብትሆን ሞተሩን ሳታይ አትቀመጥም ነበር። ከትልቁ ወንዝ ወደ ቦዩ ታጠፍን። ሥዕሉ ላይ ያለው ሁሉ አለ፤ እንጨት ላይ የቆሙ ቤቶች፣ ውሃው ድረስ የወረደ ደረጃ፣ ደጅ ላይ የተሰጣ ልብስ። አንዲት ሴት ደረጃዋ ላይ ቁጭ ብላ ሰሐን ታጥባለች። እንደ ሰው ክንድ የወፈረ እንሽላሊት ግንብ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ውሃው ግን እንደ ሥዕሉ ሰማያዊ አይደለም፣ ቡና ዓይነት ነው፤ ያም ሆኖ ያምራል።

ጥቂት እንደሄድን አንድ የብረት በር ቦዩን ዘግቶት አገኘን። የውሃው ከፍታ እስኪስተካከል ጀልባ ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። ቀይ መብራትም አለው፣ ታሪዬ! ፌቨን አይታው “አባዬ ጉድ ሆነ” ብላ ሳቀች። የጀልባው ሹፌር ሞተሩን አጠፋ። ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬ ላይ የነበረው ጩኸት ሁሉ ቀጥ አለ። ያኔ ነገርኳት። እንዴት እንደጀመርኩት አላስታውስም፤ “ፌቪ፣ እጁን አልያዝኩም” ማለቴን ብቻ አስታውሳለሁ። የቀረውንም፣ ሶፋውን፣ እንቅልፉን፣ የተንጠልጠለውን እጅህን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

ዓይኔን እያየች ሰማችኝ። “ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?” አለችኝ። ተነስታ ወደፊት ሄደችና ጀልባው አፍንጫ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። በሩ ተከፈተ፣ ሞተሩ ተነሳ። የቀረውን ቦይ ሁሉ ያየሁት በልጄ ትከሻ በኩል ነው። ኖይ እያንዳንዱን ቤተ መቅደስ በስሙ እየጠራች ታሳየናለች፣ እኔ ግን አንዱንም አልያዝኩትም። ልጄንም አጣኋት ብዬ ነበር።

ከጀልባው ስንወርድ ወደቡ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ፌቨን መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

“እማዬ፣ አባዬ ያን ቀን ከሰዓት ደውሎልኛል” አለችኝ።

ዘወር ብዬ አየኋት።

“ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ወጥቼ አነሳሁት። ‘እናትሽ ጋ እንዳትደውዪ፣ ተኝታለች’ አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ‘እንዲህ ስትተኛ ካየኋት ቆየሁ፣ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች’ ብሎ ሳቀ። እኔም ኦኬ አባዬ ብዬ ዘጋሁት።”

“ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?”

“እጁን ይዤው ነበር አልሽ። ሶ፣ ሰዓቱ ተምታቶብኝ ይሆናል አልኩ። ኋላ ደግሞ ተኝተሽ ነበር ብልሽ የምትታመሚ መሰለኝ።”

ሁለታችንም የዚያን ቀን ምስጢር ለየብቻችን ስንጠብቅ ኖረናል፣ ታሪዬ። እሷ ለእኔ አዝና፣ እኔ ለራሴ አፍሬ።

አግዳሚው ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። ኖይ ሌሎቹን መኪና ውስጥ አስገብታ ሩቅ ቆማ ጠበቀችን፤ ሰዓቷን አንዴም አላየችም። ፌቨን በኋላ እንደገና ተቆጣችኝ። እራት ላይ፣ በማግስቱም አውሮፕላን ውስጥ። መብቷ ነው። “ቀብሩ ላይ የሰማሁት ውሸት ነበር ማለት ነው” ትላለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ብርድ ልብሱን ታለብሰኛለች። ገና አላለቀላትም። ለእኔም አላለቀልኝም። ከተመለስኩ በኋላ ድካሙ እንዳለ ነው፤ የለቀቀኝ ፍርሃቱ ብቻ ነው።

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ፓስተሩን ለብቻው አግኝቼ ነገርኩት። ባንኮክንም፣ ጫማዬን ማውለቄንም፣ ሐሙሱንም። ጫማው ላይ ትንሽ ፊቱን ቋጠረ። ስለ ሐሙሱ ግን፣ “እህቴ፣ ይህን ለሰው መናገር አያስፈልግሽም፤ ጌታ ያውቃል” አለኝ። “እኔን ያስፈልገኛል” አልኩት። ወጥቼ ደጅ ለቆሙት ሁለት እህቶች ነገርኳቸው። አንደኛዋ ምን እንደምትል ጠፍቷት ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች። ሌላዋ፣ ባሏን ከኔ በፊት የቀበረችው፣ ትከሻዬን ይዛ “እኔም ሥራ ላይ ነበርኩ” አለችኝ።

ስልክህን ከፍቼ አላየሁም። አሁን ማየት አያስፈልገኝም።

“አጠገቤ ቁጭ በይ” ብለኸኝ ስላልተቀመጥኩ ይቅር በለኝ። ይህን ሳልለምንህ አላልፍም፤ አንተ ይቅር ብለኸኝ እንደሄድክ ባውቅም።

እስካለሁ ድረስ እንዲህ አድርጌ አስብሃለሁ፦ ታመህ፣ ደክመህ፣ ስልክ አንስተህ በሹክሹክታ “እንዳትደውዪ፣ ተኝታለች” ስትል። ሰውም ስለ መጨረሻው ቀንህ ሲጠይቀኝ ከእንግዲህ ያው አንድ መልስ ነው የምሰጠው፦ ባሌ ታሪኩ ሲሞት እኔ ተኝቼ ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር።

ያንተው ዘኒ