በመቅዲ ግንባር ላይ የለጠፍሁት

ውድ ልጄ ሰርፀ፣

በቃል ብነግርህ ሳልጨርስ ስለምታቋርጠኝ፣ ጭነትህን አራግፈህ ስትገባ እንድታገኘው ይህን ጠረጴዛው ላይ ትቼልሃለሁ።

እንዳዘዝኸኝ ባለፈው ቅዳሜ ልጅህ መቅዲ ቫዮሊን ወደምትጫወትበት የአይሪሾች መጠጥ ቤት ሄጄ ነበር። መልእክትህን በቃሌ ይዣለሁ፦ «የሆስፒታሉን ሥራ ትተሽ ቫዮሊን ይዘሽ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ከከተማ ከተማ የምትዞሪ ከሆነ ቤቴን እርሺው።» ዐረፍተ ነገሩ አንዳች ስሕተት የለበትም። ሆኖም ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ ባቡሩ ውስጥ ስደጋግመው «ቤቴን እርሺው» ከሚለው ላይ ስደርስ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

እዚያም አርፌ መቀመጥ አልቻልሁም፤ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ፣ መልሼ አደርጋለሁ፣ በሩን አያለሁ። መድረክ የላቸውም። ተጫዋቾቹ አንድ ጠረጴዛ ከብበው፣ ለእንግዳ ጀርባቸውን ሰጥተው ይጫወታሉ። ነውር ነው አልሁ። መቅዲ በመካከላቸው ነበረች፤ አላየችኝም። አጠገቤ የተቀመጠውን ጺማም ሽማግሌ ለማን እንደሚጫወቱ ብጠይቀው፣ ለራሳቸው ነው፣ እኛ ካልረበሽን መስማት ይፈቀድልናል አለኝ።

ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉና መቅዲ ብቻዋን ቀረች። ዜማው የእነርሱ ነው፤ አንገቷን ዘንበል የምታደርገው ግን እንደ ሟች እናትህ ነው። እንዴት እንደ ተነሣሁ አላውቅም። ሰርግ ቤት እንደምናደርገው አሥር ዶላር በምራቄ አርሼ ግንባሯ ላይ ለጠፍሁት። አዝማሪ ከቤታችን አይወጣም እያልሁ ያሳደግሁህ እኔ።

ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እርሷ እጇን አላቆመችም። ስትጨርስ በእንግሊዝኛ የተናገረችውን በቀና አማርኛ ልጻፍልህ፦ «አባባ፣ እዚህ እንዲህ አይደረግም። ለማኝ አስመሰሉኝ እኮ።»

«በእኛ ዘንድ ይደረጋል» አልኋት።

«አባዬስ ይህን እንዳደረጉ ያውቃል?»

አቀረቀርሁ። ገንዘቡ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። ጺማሙ ሽማግሌ አነሣውና እንደ እኔው ምራቁን ነክቶ መልሶ ግንባሯ ላይ ለጠፈው። ቤቱ በሙሉ ሣቀ፤ እርሷም ሣቀች።

መልእክትህን አላደረስሁም። ከዚያን ቀን ወዲህ ከመስኮት ወደ በር ስመላለስ ሰነበትሁ፤ ሰኞ ሥራውን ትይዝ ወይም ትተው እንደ ሆነ ለሆስፒታሉ መልስ ትሰጣለች፣ አንተ ምን እንደምትላት ግን አላውቅም። በእጄ ግንባሯ ላይ የለጠፍሁትን በአንደበቴ ልነጥቃት አልችልም።

ዛሬም ትጫወታለች፤ እኔ ቀድሜህ ሄጃለሁ። ጫማህን ሳታወልቅ ና። ቁጣህን ከፈለግህ ራስህ ንገራት፤ ብቻ ዜማው እስኪያልቅ ጠብቅ። ኪስህም ባዶ አይሁን።

ከበሩ አጠገብ ወንበር ይዞ የሚጠብቅህ አባትህ፣
ሰረቀብርሃን