ዋሴን አጭበርባሪ ላሉት ለ«ወርቃማ ዕጣ» የኢንተርኔት ካዚኖ የፍትሐዊነት ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ ኃላፊ፣
ባሉበት (የት እንዳሉ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ)፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎን፣ እንዲሁም ቀን ከሌት እንቅልፍ የማያውቀውን የኮምፒውተርዎን ጤና እመኛለሁ። እኔ የሲልቨር ስፕሪንጉ ወልደአምላክ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልብኝ በስልኬ ወደ ደጅዎ ብቅ ብዬ ነበር፤ ስላደረጉልኝ መስተንግዶ በአደባባይ ላመሰግንዎት ይህን ጻፍኩ።

አንደኛ፣ ገና እግሬ ሲገባ መቶ ሺህ የወርቅ ሳንቲም ቦነስ ስለሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ከብሬ አላውቅም። ወርቁ ዳቦ እንኳ እንደማይገዛ፣ ወደ ዶላር የሚመነዘረው ሌላ ዓይነት ሳንቲም እንደሆነ፣ እሱም በቁንጥር እንደሚሰጥ የነገሩኝ ግን ከታች፣ ጉንዳን በሚያነበው ፊደል ነው።

ሁለተኛ፣ ዕጣዎ ፍትሐዊ ነው የሚል ማኅተም ገጽዎ ላይ አይቼ ደስ አለኝ። መስካሪው ማነው ብዬ ባጣራ እርስዎው ራስዎ ሆነው ተገኙ። እኔ የዕቁብ ዳኛ ነኝ። እዚሁ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ስንሰበሰብ ዕጣ የሚወጣው ጣሳው ተገልብጦ ባዶነቱን ሁሉም ሰው ካየ በኋላ ነው። የእርስዎን ጣሳ ማን ገልብጦ እንዳየው ቢያሳውቁኝ ሄጄ እጁን እስመው ነበር።

ሦስተኛው ነው የሚያንገበግበኝ። ዘጠኝ መቶ ዶላር ደርሶኝ ላወጣ ስል «ማንነትዎን ያረጋግጡ» አሉኝ። ተገቢ ነው አልኩ፤ በእኛም ዕቁብ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይነካም። ስለዚህ ወዳጄን አቶ ዋቅጅራን ከሀያትስቪል በአውቶቡስ አስመጥቼ፣ የሁለታችንን መታወቂያና ጎን ለጎን የተነሳነውን ፎቶ ላክሁልዎ። ዋቅጅራ ለእርስዎ ክብር ከረባት አስሮ ነበር። እርስዎም «በአንድ አካውንት ሁለት ሰው ተገኝቷል፤ ይህ ማጭበርበር ነው» ብለው ዘጉት።

ይህ ሰው ለስንቱ ዋስ ሆኖ አንድም ቀን አፍሮ የማያውቅ ነው። ወሬው ዕቁቡ ዘንድ ሲደርስ ግን ይስሐቅ የሚሉት ጎረምሳ በሰው ፊት «ጋሼ፣ ቁማርተኛ እንኳ ያላመነዎትን እኛ እንዴት እንመንዎት?» ብሎ ቀለደበት። ከዚያ ወዲህ ዋቅጅራ ወደ ዕቁቡ ዝር አላለም። ስልኬንም አያነሳም።

አራተኛውን ቅሬታ ንዴቴ አስረሳኝ።

ገንዘቡን ይብሉት፤ ይስማማዎት። የምጠይቅዎ፣ አቶ ዋቅጅራ አጭበርባሪ አለመሆኑን በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ብቻ ነው። በትልቅ ፊደል ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ ሌላ መስካሪ ይስጥልኝ እያልኩ፣ ባርኔጣዬን አንስቼ እጅ እነሳለሁ።

ወልደአምላክ
የተዘጋ አካውንት ባለቤት፣ ያልተዘጋ ዕቁብ ዳኛ

ማሳሰቢያ፦ ደንብዎ ላይ፣ ምንም ሳይከፍል በእጁ ጽፎ በፖስታ ሳጥን ቁጥርዎ ለላከ ሰው ነጻ ሳንቲም ይሰጣል ይላል። ይህም በእጄ የተጻፈ ነው፤ ቴምብርም ለጥፌበታለሁ። ሳንቲሙን በአቶ ዋቅጅራ ስም ይላኩልኝ። ዋስ ካስፈለገዎት፣ ዋሱ እኔ ነኝ።