ከአልጋው አጠገብ የሚቀር ቦታ

ልጄ ናንፉካ፣ አምላክ በሰው አገር ደጋፊ አያሳጣሽ። እኛ ደህና ነን። የጓሮው ማቶኬ ሙዝ ደርሷል፤ የሚበላው ሰው ግን ጠፍቷል።

የአባትሽን ሞት የሰማሁት ማክሰኞ ማለዳ፣ ከሆስፒታሉ በር ውጭ ተቀምጬ ነው። በሆስፒታሉ አሮጌ ክፍል ሳለን ከአልጋው አጠገብ ምንጣፌን አንጥፌ አድር ነበር። "የናንፉካ እናት፣ ሞት ሊወስደኝ መጥቶ ማንኮራፋትሽን ሲሰማ ይመለሳል" እያለ ይስቅብኝ ነበር። አዲሱ ፎቅ ሲከፈት ግን የወለሉ ማብረቅረቅ አማለለንና ለምነን አዛወርነው። እዚያ አልጋዎቹ ተጠጋግተዋል፤ ለአስታማሚ የተተወ ቦታ የለም። ዘበኛውም፣ "እማማ፣ ምንጣፍ ተሸክመው የት ነው? እዚህ ሰርግ የለም እኮ" ብሎ ከበሩ መለሰኝ።

አባትሽ ብቻውን ሞተ። ነርሷ፣ "እጃቸውን ወደ ወለሉ ሰደው ምን ይፈልጉ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔን ነበር የሚፈልገው፣ ልጄ። ምነው ከአሮጌው ክፍል ባላስወጣነው እላለሁ።

አንቺ የሆስፒታል ፕላን ትሠሪያለሽ። እባክሽ፣ ከታማሚው አልጋ አጠገብ አንድ ሰው የሚተኛበት ቦታ ተዪ። ይህን ደብዳቤ አብረውሽ ለሚሠሩት አንብቢላቸውና ስለ አባትሽ ነፍስ አብራችሁ ጸልዩ።

እናትሽ