ቅቤ መርማሪዋን ለማን እንሽጥ?

ሰኞ

«ፖሊስተር» አለች መርማሪዋ ዕቃችን። የባሌን ሙሉ ልብስ ነው እንግዲህ! ሰፊው «ንጹሕ ሱፍ ነው፣ ልጆቼን ይንሳኝ» ብሎ የማለለትን፣ ላፌቦ በየእሁዱ ለብሶት ቤተ ክርስቲያን የሚንጎራደድበትን። ዕቃዋን እጅጌው ላይ አስጠጋት፣ ብርሃን ብልጭ አደረገች፣ ውጤቱ ስልኩ ላይ መጣ። እሱ ደርቆ ቀረ፤ እኔ በሳቅ ልሞት።

ሳሙና የምታህል ናት። ጨርቅ፣ ማር፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ምኑንም አስጠግተህ ስትጫናት ከምን እንደተሠራ ትናገራለች። ላፌቦ የኬሚስትሪ መምህርነቱን የለቀቀው ለሷ ብሎ ነው። ዘመድ ሁሉ «አብደሃል» ብሎታል፤ እኔም አንድ ሁለቴ ብያለሁ።

ዕቃዋን ከውጭ የሚያስመጣት ናሆም የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ቅዳሜ እኛ ጋ፣ ሆሳዕና ከተማ ይመጣል። «ለማን፣ እንዴት እንደምትሸጡ ስትራቴጂያችሁን አሳዩኝ» ብሏል። ካላሳመንነው ወኪልነቱን ዱራሜ ላይ ስልክ ለሚሸጠው ሰውዬ ይሰጣል። ያኔ ላፌቦ የለቀቀውን ትምህርት ቤት ደጅ ሊጠና ነው።

የላፌቦ ሐሳቦች፦
ለሆቴሎች መሸጥ።
ለየቤቱ መሸጥ።
ለቅቤ ገዢዎች መሸጥ።

ሦስተኛዋን ሁለት ጊዜ አሰመረባት። ልክ ነው። መስቀል ሲቃረብ እዚህ ከተማ ስለ ቅቤ የማያወራ ሰው ካለ እንግዳ ነው። ሙዝ ተቀላቀለበት፣ የሚረጋ ዘይት ተቀላቀለበት፣ ወሬው ይኸው ነው። «ነገ ገበያ መሃል ሕዝብ እያየ እንመረምራለን» አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ቀሚስ መረጥኩ!

ማክሰኞ

ምነው እግሬን በሰበረው።

ገበያው ጭቃ ነው፤ ሰው ግን ግጥም ብሏል። ላፌቦ በመምህር ድምፁ ማስረዳት ሲጀምር ከበቡን። «የማንን እንመርምር?» ሲል አንዱ ቀልደኛ «የእትዬ አየለችን! የሳቸው ንጹሕ ካልሆነ የማንም አይሆንም» አለ። እትዬ አየለች በገበያው የታወቁ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ቅቤያቸውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ሙቀት እንዳይነካው ውሃ እፍ እያሉበት ነው የሚሸጡት። በዚያ ላይ የኛ ውጆ ሰብሳቢ ናቸው። (ውጆ ማለት እኛ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ቅቤ እያዋጣን፣ አንድ ላይ አጠራቅመን ለመስቀል የምንካፈልበት ነው።) ቅጠሉን ገለጥ አድርገው «በል መርምር» አሉ፣ እየሳቁ።

ዕቃዋ «ንጹሕ አይደለም» አለች።

ላፌቦ ገባው፤ የነካው ላዩን፣ ውሃ የተረጨበትን ነው። ፈጥኖ ከውስጥ በማንኪያ አወጣና ደገመው፤ «ንጹሕ» አለች። ግን ማን ቆሞ ይስማው? ሰዉ የመጀመሪያዋን ወሬ ይዞ በጋሪም በባጃጅም ሄዷል። እትዬ አየለች ቅጠላቸውን መልሰው ጠቀለሉና «እኔ ላይ ነው ባትሪ የምታበሩብኝ?» አሉ። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

የስልክ ዕቃ የምንሸጥበት ሱቃችን ጭር ብሏል። የስልክ ቻርጀር እንኳ የሚጠይቅ ጠፋ። ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ ሰላም ስላት ሰማይ ሰማይ ታያለች፣ ዝናብ እንደሚመጣ አሁን ገና የሰማች ይመስል። የዕቃዋም ስም ወጥቶላታል፤ «ሰላይዋ»። የላፌቦ የድሮ ባልደረባ በደጅ ሲያልፍ «መምህር፣ ጠመኔህን አስቀምጠንልሃል!» ብሎት ሄደ። ላፌቦ ምሳ አልበላም።

ከሰዓት አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ይዘን እትዬ አየለች ቤት ሄድን። አስገቡን፣ አስቀመጡን፣ እርጎም ሰጡን። ላፌቦ አቀርቅሮ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ይቅር ብያለሁ» አሉት። ልንነሳ ስንል፦ «ግን ልጠይቅህ፣ ስሜን ያነሳኸው የት ነው?»

«ገበያ።»

«ታዲያ ስሜ ገበያ ወድቆ ይቅርታው ጓዳ ነው የሚሰጠኝ?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን በሳል አስመሰሉት። መንገድ ላይ ላፌቦን «ገበያ ትሄዳለህ?» አልኩት። «መምህር ሆኜ የተሳሳትኩትን ሰሌዳ ላይ ነበር የማርመው» አለኝ። አንዳንዴ ለምን እንዳገባሁት ትዝ ይለኛል።

ሐሙስ

ተመስገን። ተመስገን። ከየት ልጀምር?

ላፌቦ እዚያው ጭቃ ላይ ቆሞ «ማክሰኞ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ዕቃዋ ያየችው ውሃውን ነው፣ ቅቤውን አይደለም» አለ። ከዚያ ከውስጥ አውጥቶ መረመረና ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየ። እትዬ አየለች ግን በዚህ አልለቀቁትም። «አሁን ደግሞ የውጩን አድርግና አሳያቸው፤ ነገ ሌላ ሰው እንዳትጨርስ» አሉት። አደረገ። «ንጹሕ አይደለም» ስትል እሳቸው ራሳቸው በሳቅ ፈነዱ፤ ገበያው አብሮ ሳቀ። ቀልደኛው «እትዬ፣ እንግዲህ ውሃ ነጋዴ ነዎት!» ቢል «አንተ መቼ ገዝተህ ታውቃለህ? ለመቅመስ ብቻ ነው የምትመጣው» ብለው አፉን አስያዙት።

ደግሞ ከምሳ በኋላ የሆነውን ስሙ። የጓሮ በራችን ቀስ ብሎ ተንኳኳ። አንዲት የውጆአችን ሴት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ። ከነጠላው ሥር ቅጠል አወጣች። «የጎረቤቴ ነው፤ እስቲ እይልኝ፣ አደራ» አለች። ጎረቤቷን አውቃታለሁ፤ ከሄደች ሰንብታለች፣ አዲስ አበባ ልጇ ጋ ናት! ቅጠሉን ተቀበልኳት። እሷ ስትወጣ ሌላ መጣች፤ የእህቷ ነው። ቀጥሎ አንዷ፤ የአማቷ ነው። በፊት ለፊት በር አንድም ሰው አልገባም።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የውጆ ደንብ ቅቤው ከራስ ላም እንዲሆን ነው። ከተማ ውስጥ ግን ላም ያላት ስንቷ ናት? ሌሞ ገጠር ዘመድ ያላት ከዚያ ታስመጣለች፤ የሌላት ዝም ብላ ከገበያ ትገዛና የራሷ አስመስላ ታዋጣለች። የገዛችው የተቀላቀለ ቢሆን ደግሞ የሁላችንንም ቅቤ ታበላሻለች፣ ስሟም አብሮ ይበላሻል። አንዷ የያዘችው ሙዝ ያለበት ሆኖ ተገኘ። እጄን ይዛ «ነገ የውጆው እንስራ ውስጥ ልጨምረው ነበር እኮ» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ቅቤው የጎረቤቷ መሆኑን ረስታዋለች። እኔም አላስታወስኳትም።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ተጨቃጨቅን፤ ግን ጥሩ ጭቅጭቅ። ላፌቦ ለናሆም ባዘጋጀው ስላይድ ላይ በትልቁ «እውነቱን ለሁሉም!» ብሎ ጽፏል።

«አጥፋው» አልኩት።

«እውነት ምን አደረገሽ?»

«እውነት ምንም አላደረገኝም። ግን ማንም ሴት ስለሷ እውነቱን ለሁሉም አትፈልግም። መጀመሪያ ለራሷ ነው የምትፈልገው። ማክሰኞ ለሁሉም አደረግነው፣ ከተማው ፊቱን አዞረብን። ትናንት በጓሮ ለራሷ ስናደርገው ተሰለፉ።»

ተቀመጠ። ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም። «የተቀላቀለ መሆኑን አውቃ ሄዳ ለሌላ ብትሸጠውስ? እኛ ተባባሪ አንሆንም?» አለኝ። ይሄኛው አስጨነቀኝ። በመጨረሻ «የምታጭበረብረዋ አውቃ ነው የምትቀላቅለው፣ እኛ ዘንድ ምን ትሠራለች? የሚመጡት የተታለሉት ናቸው። የተታለለችዋ ካወቀች ደግሞ ከዚያች ነጋዴ ሁለተኛ አትገዛም» አልኩት። ሙሉ በሙሉ አልተዋጠለትም። ስላይዱን ግን አጠፋው።

አዲሱ ስትራቴጂ፦ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል መመርመሪያ እናደርጋታለን። ውጤቱን የምታየው ባለቤቷ ብቻ ናት፤ እኔ ስልኩን አዙሬላት ፊቴን ወደ ግድግዳ። ወሬኛ ነኝ፣ አውቃለሁ፤ ለዚህ ሥራ ግን አፌን እሰፋለሁ። ዕቃዋን ለየሰው ከመሸጥ ለየውጆው እንሸጣለን፣ አንድ ዕቃ ለአንድ ውጆ።

ናሆም ይቀበለው ይሆን?

ቅዳሜ

ናሆም ነጭ ጫማ አድርጎ መጣ። በነሐሴ! ሆሳዕና! ሱቃችን እስኪደርስ ጫማው ሌላ ቀለም ሆኗል።

ስትራቴጂያችንን ሰማ፣ ግን ፊቱ ቀዝቃዛ ነው። «እኔ ዕቃ መሸጥ ነው የምፈልገው፣ መመርመሪያ ቤት መክፈት አይደለም። በየቤቱ አንድ መግባት አለበት። የዱራሜው ሰውዬ በየቤቱ ነው የሚለኝ» አለ። አለቀ ብዬ ነበር።

እትዬ አየለች በፊት ለፊት በር፣ በጠራራ፣ ሁለት የውጆ ሴቶች አስከትለው ገቡ። «ለውጆአችን አንድ ልንገዛ ነው፤ የሚቀመጠው ግን እዚሁ እናንተ ዘንድ ነው» አሉ። ናሆም ደነቀው። «እማማ፣ ከገዛችሁ ለምን ቤታችሁ አትወስዱትም?»

«ልጄ፣ ሚስት አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ በምን ታውቀዋለህ! ዕቃው ቤት ከገባ ባል ያየዋል፣ አማት ታየዋለች፣ ጎረቤት ይዋሰዋል። የተዋሰ ደግሞ ‹ምን አገኛችሁበት?› ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ግን ማንም አይጠይቀንም። ሃቢቾ መንደር ያሉት ዘመዶቼም ውጆ አላቸው፣ እነሱም እንዲህ ከሆነ ይገዛሉ።»

ናሆም አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኛን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። «የዱራሜውን ለሱ እሰጠዋለሁ፤ በራሱ መንገድ ይሞክር። የሆሳዕናና የአካባቢዋ ግን የናንተ ነው፤ እስከ መስቀል። ከዚያ እናያለን» አለ። «ውሉ በማን ስም ይሁን?»

አፌን ሳልከፍት ላፌቦ የኔን ስም ተናገረ። ከነአባቴ።

«እስከ መስቀል» ብዙ አይደለም፤ የገዛውም ውጆ ገና አንድ ብቻ ነው። ላፌቦ «ተባባሪ» ስላላት ነገር አሁንም እያሰበ እንደሆነ ፊቱ ይናገራል። ናሆም ከሄደ በኋላ ግን ሜትሩን አምጥቶ የጀርባዋን ክፍል መስኮት ሲለካ አገኘሁት።

«ሰኞ መጋረጃ ግዢ» አለኝ። «ወፍራም ይሁን።»