ማኔክ ያጎረሰው እንግዳ

ወንድሜ ቡርሃን፣ እንደምን ከርመሃል? እዚህ ላሆር፣ በቤተ መንግሥቱ ሥዕል ቤት፣ እኔ በታብሪዝ ከተማ አብረን በተማርነው ወግ እነድፋለሁ፤ የአገሩ ሰው ማኔክ ቀለም ይቀባል። ትናንት የንጉሡን አደን ስነድፍ አንተን ከሥዕሉ ውስጥ ከዛፍ ሥር አስቀመጥኩህ። ዛሬ ባይህ ከንፈርህ ደም መስሏል፤ እዚህ ሰው ሁሉ የሚያኝከውን አፍ የሚያቀላ ቅጠል ያኘክህ ትመስላለህ።

«ማኔክ፣ ጓደኛዬን ምን አደረግከው?» አልኩት።

«እንግዳህ ጦሙን ተቀምጦ አሳዘነኝ። አጎረስኩት።»

ሳቅኩ። ላርምህ ብሩሽ ባነሳም እጄ ቆመ፤ የከንፈርህ ቅርጽ ጠፋብኝ። ካየሁህ ስድስት ዓመት ሆነኝ እኮ። እንዳለህ ተውኩህ።

ብጣሿ ወረቀት አለቀችብኝ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። ስትጽፍልኝ ከወረቀቱ ጥግ ላይ፣ ጥፍር ቢያህልም፣ ፊትህን ንደፍልኝ። ለማኔክ አላሳየውም።

ባህራም